ሦስተኛው ዋስ

አባቴ የመድኃኒት ቀናቸውን ስተው አያውቁም ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ ከአምበር ወዲህ ካለው ቀበሌያቸው ተነሥተው አንድ ሰዓት ተኩል በእግራቸው ይመጡና፣ ምንሽር ጠብመንጃቸውን ጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥበቃው አስረክበው፣ ከክፍል ሰባት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ክፍል ሰባት የእኔ ክፍል ነው። ነርስ ነኝ፤ የአእምሮ ሕሙማንን የማየው እኔ ነኝ። የሚያውቃቸው ሰው በዚያ ሲያልፍ "ምነው፣ አመመዎት እንዴ?" ካላቸው "ኧረ ልጄን ላያት ነው" ይላሉ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ይገባሉ፣ በሩን ራሳቸው ይዘጋሉ፣ የወሩን ክኒን ይቀበሉና በዝናራቸው ላይ ጥይት ካልገባባቸው ኪሶች በአንዱ ይከቱታል። "በዚህ ከቀጠልን ከጥይቱ ክኒኑ ሊበልጥ ነው" ብዬ አሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም "ጠላት ሲመጣ ክኒን እተኩስበታለሁ" ይሉኛል።

እናቴን አንቺ፣ አባቴን አንቱ እያልን ነው ያደግነው። እናቴ የሞተች ዓመት አባቴ መጀመሪያ እህል ተዉ፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ቀጥሎ በሬዎቻቸውን። የእርሻ ወራት ደርሶ በሬዎቹ ከግጦሽ ሲውሉ እሳቸው ከጓሮ ተቀምጠው "እኔ ነኝ የገደልኋት፤ ቶሎ ብወስዳት ኖሮ" ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ በሬዎቹ እንደሚያሟቸው ነገሩን። ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ሊወስዳቸው ተነሣ። መንገድ ላይ አልሄድም ብለው ቁጭ ሲሉ ጎረቤታችን በጀርባው አዝሎ አደረሳቸው። ይህን ጎረቤት ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ በእሱ ዙሪያ ነው። የአባቴ ማኅበርተኛ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከአንድ ቤት ተሰብስበው የሚካኤልን ጽዋ አብረው የሚጠጡ ሰዎች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ማኅበርተኛ ከሥጋ ወንድም አያንስም። ከጠበሉ ቦታ በቆዩበት አርባ ቀን ሁሉ በየሳምንቱ በሶ ቋጥሮ ይጠይቃቸው ነበር።

ጠበሉ አረጋጋቸው፤ እህልም አስጀመራቸው። በሬዎቹ ግን ሐሜታቸውን አልተዉም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ወስጄ አሳከምኳቸው፤ ክኒን ተጀመረላቸው፤ በሦስተኛው ወር ሞፈር ጨበጡ። አገሩ "ሚካኤል አዳናቸው" አለ፤ እኛም አሜን አልን። ክኒኑን ከእሳቸው፣ ከእኔ፣ ከታናሽ እህቴና ከዚያ ጎረቤት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ እንዲሆን የፈለጉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ነርሷም ተስማማሁ። እህቴ ገና አላገባችም። ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አስቀድሞ "በዘራቸው ያበደ አለ ወይ?" ብሎ ያጣራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ለሕመምተኛ ሁሉ እሰብካለሁ፤ የራሴን ቤት በሽታ ግን በዝናር ኪስ ደብቄ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

በጥቅምት መግቢያ፣ ቅዳሜ ቀን፣ እህል ተራ መካከል ክላሹን አውርዶ የተኮሰው ያ ጎረቤታችን ነው። መንገዱ እንዲህ እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ሰው ሳይሰጋ ገበያ የሚውልበት ጊዜ ነበር። ከአጎቱ ልጅ ጋር በመሬት ድንበር ሦስት ዓመት ተካሰዋል። ያን ዕለት የአጎቱ ልጅ ጤፍ ሲያስለካ ከኋላው መጥቶ ተኮሰበት። ሰውየው ሞተ። በነገሩ የሌለችበት፣ ከፊት ለፊቱ ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ የተቀመጠች ሴትም ሞተች። ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ከእሷ ነበር የምገዛው፤ አንድ ራስ ሳትመርቅልኝ ቀርታ አታውቅም።

ሰዉ ይዞ ደብድቦት ኖሮ ክንዱ ተሰብሮ እኛ ጋ አመጡት። ሁለት ፖሊሶች አጠገቡ ቆመው ክንዱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ቀና ብሎ አየኝና "እታለም፣ አህያየን ሰው ያዘልኝ ይሆን?" አለኝ። ለሕመምተኞቼ የማቀርበውን ጥያቄ ሁሉ አቀረብኩለት። ቀኑን ያውቃል። ያለበትን ቦታ ያውቃል። ብቻውን ሲሆን የሚሰማው ድምፅ የለም፤ የሚያሳድደው ሰው የለም፤ ደህና ተኝቶ አድሯል፤ ምሳውን በልቶ ነው የመጣው። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው "ፍርድ ቤቱ ታከተኝ" አለኝ። ከእሱ የበለጠ አእምሮው የተሟላ ሰው በዚያ ሳምንት አላየሁም።

ወደ ውጭ ስወጣ ግን ግቢውን የሞላው ሰው "አብዶ ነው፤ ጤነኛ ሰው ይህን አያደርግም" እያለ ነው። ተናደድኩ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል። አንዱን ሽማግሌ "እብዶቹ እኔ ጋ ናቸው፤ አንዳቸውም ገበያ ላይ አልተኮሱም" አልኳቸው። "አይ አንች" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። አሁን ሳስበው፣ አብዷል ማለቱ ሁሉንም የሚያሳርፍ ነገር ነበር። ካበደማ ማን ይጠየቃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ቂሙን እያየን ዝም ያልን ሰዎች ሁሉ እፎይ ብለን ቤታችን እንገባለን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ጥቅምት ሳይወጣ መመሪያ መጣ። የጠብመንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ፈቃዱን ያድስ፤ ሊያድስ ሲመጣም ሦስት ዋስ ያቅርብ፤ ዋሶቹም "ጠባዩ የተመሰገነ፣ ጠብ የማይወድ ነው" ብለው ይፈርሙ ተባለ። ሦስቱ ዋስ ድሮም ነበሩ። አዲሷ ነገር ከወረቀቱ ግርጌ የተጨመረች አንዲት መስመር ናት፤ "የአእምሮ ሕመም ያለበት / የሌለበት" ትላለች፤ ከጎኗም የጤና ጣቢያው ማህተም ይመታል። ማህተሙ ያለው እኔ ጋ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ስለ ቂም ወይም ስለ ድንበር ክስ የሚጠይቅ መስመር የለውም። ያ ጎረቤታችን ይህን ወረቀት ይዞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ "የሌለበት" ብዬ ማህተም እመታለት ነበር፤ ስህተትም አይሆንብኝም።

በዚያው ሳምንት አንድ የወረዳው ጸጥታ ቢሮ ሰው ደብዳቤ ይዞ መጣ። የክፍል ሰባትን መዝገብ ከፈቃድ ካላቸው ሰዎች ስም ጋር ለማመሳከር ይፈልጉታል። ጨዋ ሰው ነበር፤ የተላከውን ነው የሚያደርስ። "እህቴ፣ ሁለት ሰው ሞቷል" አለኝ። እውነቱን ነው። "የገደላቸው ሰው መዝገቤ ውስጥ የለም" አልኩት። ይህም እውነት ነው። ሁለት እውነት ይዘን ስንተያይ ቆይተን ለአለቃዬ እንዲጽፍ ነግሬ ሸኘሁት። አለቃዬም "እንመካከርበታለን" ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስተኛው። እኔ መዝገቡን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ቁልፉን ከአንገቴ ማተብ ጋር ቋጠርኩት። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ደረቴን ይወጋኝ ነበር።

ወሬው ግን የሚቆለፍበት አልሆነም። "ክፍል ሰባት የገባ ሰው ጠብመንጃው ይነጠቃል" ተባለ። በኅዳር የመጀመሪያ ሐሙስ አግዳሚው ላይ አንድ ሰው አልተቀመጠም። የሚጥል በሽታ ያለባት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀን አዛንፋ የማታውቅ ሴት እንኳ ባሏ ከልክሏት ቀረች፤ ጠብመንጃው የባሏ ነው። አባቴም ቀሩ። "አጨዳ በዝቶብኝ ነው" ብለው በሰው ላኩብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። የገበሬ ልጅ ነኝና ሳልጠይቅ ያየሁት ይበቃኝ ነበር። የጎረቤቱ ሁሉ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል፤ የአባቴ ብቻ እንደቆመ ፍሬው እየረገፈ ነው። እሳቸው ከማሳው ዳር ምንሽራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዷል፤ አላነሡትም። ዝናራቸውን ስዳስስ ያለፈው ወር ክኒን ገና ግማሹ አለ።

"ለምን ተዉት?" አልኳቸው።

"ድኛለሁ።"

"ማን ነው ድነዋል ያለዎት?"

"ከእንግዲህ መዝገብ ላይ የምገኝ ሰው አይደለሁም" አሉ። ቀጥለው "ለምንሽሩ ብሎ ነው እንዳትይኝ" አሉ። ሰደፉን ዳስሰው ደግሞ "ለምንሽሩም ነው" አሉ።

ምንሽሩ የአባታቸው ነው። እኛ አገር ሽማግሌ ሲሞት ጠብመንጃው ከለቅሶው መካከል ይወጣል፤ ዘመድ በየተራ እያነሣው ሟችን ያወድሳል። ጠብመንጃ ያልወጣለት ለቅሶ የእንግዳ ሰው ለቅሶ ነው የሚመስለው። "ስሞት ምን ሊያወጡልኝ ነው፣ ማጭድ?" አሉኝ።

"እኔ የመጣሁት ስለ ለቅሶዎ ላወራ አይደለም፤ ስለ ጤፉ ነው" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

እሳቸው ድምፃቸውን አላነሡም። "ሦስተኛው ዋስ እኔ ነኝ" አሉ።

"የምን ዋስ?"

"የሱ። የክላሹ።"

ነገሩን ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ባለፈው ሰኔ ሚካኤል፣ ማኅበሩ በአባቴ ቤት በዋለ ዕለት፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ጽዋው ገና ከመካከል ሳለ ጎረቤታችን ከኪሱ የፈቃድ ወረቀት አወጣ። ይህ ልማድ ነው። በማኅበር ላይ የዋስትና ወረቀት ይዞ መምጣት፣ የበሬም ይሁን የጠብመንጃ፣ ነውር የለበትም፤ ሰው ሁሉ ስላለ ይቀላል። ወረቀቱ ጽዋው በዞረበት ይዞራል፤ ተራው የደረሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክቶ ያትማል። ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ጽዋው ከመካከል ሳለ ማኅበርተኛን እምቢ ማለት ጽዋውን እንደ መድፋት ይቆጠራል። ሁለት ሰው አትሞ ወረቀቱ አባቴ ጋ ደረሰ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ግን ማሳ ለማሳ ሲያርሱ ጎረቤታችን ሞፈሩን አቁሞ ስለ አጎቱ ልጅ "አንድ ቀን እገላገለዋለሁ" ብሏቸው ነበር።

"ይህን እየሰሙ አተሙለት?" አልኳቸው።

"እሱስ ለኔ አትሞ የለም?"

እውነታቸውን ነው። ከጠበል በተመለሱ ዓመት የምንሽሩን ፈቃድ ሲያድሱ ከሦስቱ ዋሶች አንዱ እሱ ነበር። "በጀርባው አዝሎ ጠበል ያደረሰኝ ሰው ነው" አሉኝ። "እብደቴን እያወቀ ጤነኛ ነው ብሎ አተመልኝ። እኔም ቂሙን እያወቅሁ ደግ ሰው ነው ብየ አተምሁለት።" አውራ ጣታቸውን አዩት፤ በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉት፤ መልሰው አዩት። "ነጭ ሽንኩርት ሻጯን እኔ ነኝ የገደልኋት" አሉ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። እናቴ በሞተች ዓመት ከጓሮ የሰማሁት ድምፅ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። በሥልጠና ላይ አስቀድመው ያስተማሩን እሱን ነው፤ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፣ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ይልቁንም ያቀለዋል ብለውናል። ስንቱን ሰው ጠይቄያለሁ። አንቱ እያልኩ ያደግሁትን ሰው ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ የማውቀው መቆጣት ነው። "ክኒኑን ካልዋጡ እኔን ልጄ አይበሉኝ" አልኳቸው። ጠዋት ጠዋት በእጇ እንድትሰጣቸው ለእህቴ ነግሬ ወጣሁ። ምንሽሩን ጭናቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።

በታኅሣሥ ሚካኤል ማግሥት ሦስት ሽማግሎች ክፍል ሰባት ገቡ። ሁለቱ የአባቴ ማኅበርተኞች ናቸው፤ ሦስተኛው አባቴ ናቸው። ትናንት በማኅበሩ ላይ ወረቀቶቻቸው ጽዋውን ተከትለው ዞረዋል። ያ ሁሉ ሆኖ፣ ሁለት ሰው ከተቀበረ ገና ሁለት ወሩ፣ ወረቀቱ እንደዚያው ነው የዞረው። አባቴ ከስተዋል፤ አጥንታቸው ከፊታቸው ወጥቷል። እህቴ ክኒኑን ስትሰጣቸው ከምላሳቸው ሥር ይዘው ከጓሮ ይተፉት እንደነበር በኋላ ነው ያወቅነው።

ሁለቱን ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ፤ መለሱልኝ፤ ማህተማቸውን መታሁላቸው። የአባቴ ወረቀት ሲደርስ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ "የአባትሽን ደግሞ ምን ትጠይቂያለሽ፤ ታውቂያቸው የለ። ምችበት በይ" አሉኝ።

"ስለማውቃቸው ነው የምጠይቃቸው። እናንተ ውጭ ቆዩልኝ" አልኳቸው።

"ከገዛ ማኅበርተኛችን ምን የሚደበቅ አለና ነው?" አሉ። ቆሜ በሩን ያዝኩ። እያጉረመረሙ ወጡ። በዚያ ክፍል በሩን የሚዘጉት ሁልጊዜ አባቴ ነበሩ፤ ያን ዕለት የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ። "አባየ፣ ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

ከውጭ ሽማግሎቹ ሲያስሉ ይሰማል። አባቴ ወለሉን እያዩ "በሰንበት ምንሽሩን አልነካውም" አሉ። "በሚካኤልም አልነካውም። የሌላውን ቀን እኔ እንጃ።"

"ያን እሑድ ከማሳው ዳር ሳገኝዎትስ?"

"ጭኔ ላይ ያጋደምሁት አንችን ከሩቅ ሳይሽ ነው።"

አለቀስኩ። ነርስ ሕመምተኛዋ ፊት አታለቅስም ይባላል፤ ልጅ ግን ታለቅሳለች። እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ ያን ዕለትም አላለቀሱም። በጋቢያቸው ጫፍ የእኔን ዓይን ጠረጉልኝ።

እንባዬን ውጬ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ማህተሙን ብመታላቸው ያ መሣሪያ ከራስጌያቸው ይቆያል፤ እኔም አራተኛ ዋስ እሆናለሁ። እውነቱን ብጽፍ ደግሞ ምንሽሩ ይወሰዳል፤ ስድስት ዓመት የደበቅነው ነገር እስከ ማታ አገር ያውቀዋል፤ ለእህቴ ሠርግ በጥር ቀን የቆረጡ ሰዎችም አሉ። "አልዋሽም፤ ግን ሳልነግርዎት አልጽፍም" አልኳቸው። ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥተው ወደ እኔ አዞሩት። ማንበብ አይችሉም፤ ሦስቱን የአውራ ጣት አሻራ ግን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

"እኔ እያወቅሁ አትሜአለሁ" አሉኝ። "አንች እንደኔ አትፈርሚ።"

"የሌለበት" የሚለውን ሰረዝኩ። ማህተሙን መታሁ።

በሳምንቱ ምንሽሩን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደው አስረከቡ። ያዩ ሰዎች እንደነገሩኝ ሰደፉን ስመው ነው የሰጡት። "የገዛ አባቷን እብድ ብላ ጻፈች" የሚለው ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። የእህቴ እጮኛ ቤተሰቦች ቀኑ ይተላለፍልን ብለው ላኩ፤ ቀኑ ተላልፎ ተላልፎ ቀረ። እህቴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። አንድ ቀን ብቻ "ልክ ነሽ፤ ግን ልክ እንደሆንሽ ለኔ አትንገሪኝ" አለችኝ። ክኒኑን በየወሩ ከእኔ እየወሰደች፣ ሲውጡ አፋቸውን ከፍተው እንዲያሳዩአት አደረገች፤ እሳቸውም እሺ አሉ። አትፈርሚ ያሉኝ ራሳቸው ቢሆኑም ከዚያ በኋላ ዓይኔን ማየት ተሳናቸው። ዐቢይ ጾም እስኪያልቅ ከሰላምታ የዘለለ ቃል አልተነጋገርንም። ግን ይኖራሉ። በየካቲት በሬዎቹን ጠመዱ ሲሉኝ ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ክፍል ሰባት ግን ባዶውን ሰነበተ። አባቷን ያልማረች እኛን ትምራለች ወይ ተባለ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት በመጋቢት ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሎ አመጧት። ቁስሏን እያጠብኩ ክኒኑን እንድትጀምር ለመንኳት። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ቁስሉን ብቻ" አለኝ። ለባሏ የምመልሰው ነገር ነበረኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። አባቴን ያተረፈው ማህተም የዚህችን ሴት ክንድ አቃጥሏል፤ ይህን ከራሴ መደበቅ አልችልም። እንደገና ቢመጣ ምን አደርጋለሁ ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ያንኑ አደርጋለሁ፤ ያኔም አይቀለኝም።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ሐሙስ ጠዋት የክፍሌን በር ስከፍት አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የተቀመጡት እንደ ወትሮው ጫፍ ላይ አይደለም፤ ካርድ የሚያወጣው ሰው ሁሉ ከሚያያቸው ከመካከሉ ላይ ነው። ወገባቸው ላይ ዝናር የለም። አጠገባቸው ጥቁር የለበሰ፣ ጠጉሩን ያልተላጨ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ተቀምጧል። "ምነው አመመዎት?" ብሎ ለጠየቃቸው ሰው "አዎ፤ ስድስት ዓመቴ ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ገቡ። አባቴ በሩን አልዘጉትም። "ይህ ሰው የነጭ ሽንኩርት ሻጯ ባል ነው" አሉኝ።

በሕማማት ሰሞን ወደ ሰውየው ቤት ሄደው ኖሯል። እንደ አገሩ ወግ ይቅርታ ለመለመን ድንጋይ ከማጅራታቸው አድርገው ከደጁ ቆመው ሦስተኛው ዋስ እኔ ነኝ ብለውታል። ሰውየው ድንጋዩን አላወረደላቸውም፤ ሂዱም አላላቸውም። አንገታቸው እስኪዝል ቆይተው ራሳቸው አውርደው ከጎኑ ተቀመጡ። በማግሥቱም ሄዱ። በሦስተኛው ቀን እህል እንደማይበላ፣ ዓይኑን እንደማይከድን፣ "ያን ቅዳሜ ገበያ አትሂጅ ብላት ኖሮ" እያለ ብቻውን እንደሚያወራ አዩ።

"አወቅሁት" አሉኝ። "በሬዎቹ ገና አልጀመሩትም። ግን ወደዚያው ነው።"

"ጠብመንጃ አለው?" አልኳቸው።

"አለው። ከንስሐ አባቱ ቤት በአደራ አስቀምጠነዋል። ጥይቱ እኔ ዘንድ ነው።" ወደ ሰውየው ዞር ብለው አዩትና "ለሱ ዋስ ሆኘ ነው የመጣሁ" አሉ።

ማተቤን ስቤ ቁልፉን አወጣሁ፤ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። "ይህን ማን ያየዋል?" አለኝ።

ማንም አያየውም ማለት ቀላል ነበር። "እስከ ዛሬ ከኔ በቀር ያየው የለም" አልኩት። "ነገ ማን መጥቶ እንደሚጠይቀኝ ግን አላውቅም። እምቢ ለማለት እስከ መቼ እንደምችልም አላውቅም።"

ሰውየው ሊነሣ እጁን ከወንበሩ ጠርዝ ላይ አኖረ። አባቴ አላስቀመጡትም፤ አልለመኑትም። "የኔ ስም የት ላይ ነው?" አሉኝ።

ገጹን አወጣሁ። ከታኅሣሥ ወዲህ የመጣ ሰው ስላልነበረ የመጨረሻው ስም የእሳቸው ነው፤ ከእሱ በታች ያለው መስመር ሁሉ ባዶ ነው። ጣቴን አኑሬ አሳየኋቸው። እሳቸውም በወረቀት ላይ የሚያትሙበትን ያን አውራ ጣት ከስማቸው ሥር አስቀመጡ።

"እዚህ ጻፊው" አሉኝ። "ከኔ ሥር።"

ሰውየው ጣታቸውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እጁን ከወንበሩ ጠርዝ አነሣና ስሙን ነገረኝ።